ለስምንተኛው ቅጂ ባለቤት

ለቬልሞራ የቤት ማተሚያዎች ኩባንያ
የደንበኞች እርካታ ክፍል ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በሥርዎ የሚያገለግሉት ሠራተኞችም ሁሉ በጤናና በሰላም እንድትሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምጽፈው ለደብዳቤ ወግ ብቻ እንዳይመስልዎ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በመንደራችን የጸሎት ደወል ይደወላል፤ ሰው ሁሉ መንገዱን ለቆ በየቤቱ ይቀመጣል፤ እኔም ለበደሉኝ እንድጸልይ የታዘዝሁ ሰው ስለሆንሁ ካለፈው ወር ወዲህ እርስዎን ሳላነሣ አሜን ብዬ አላውቅም። ስምዎን ስለማላውቀው «ያንን የፕሪንተሩን ሰውዬ» እያልሁ ነው የማነሣዎት። ማንን ማለቴ እንደሆነ ለሰሚው ግልጽ ነው ብዬ አምናለሁ።

በጋዜጣ ስለጻፍሁልዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በግልዎ ሦስት ጊዜ ጽፌ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ደብዳቤዬ በደረሰ በደቂቃው «መልእክትዎ ለእኛ እጅግ ውድ ነው» የሚል መልስ መጣልኝ። ሦስቱ መልሶች በአንድ ፊደል እንኳ አይለያዩም። እንዲህ ያለ የማይለዋወጥ ፍቅር ያለው ኩባንያ ለሕዝብ ሳይታወቅ መቅረት የለበትም ብዬ ነው።

እኔ ፔናያ እባላለሁ፤ በሳቫኢ ደሴት በሰሜኑ ዳርቻ የፋጋቱሉ መንደር ነዋሪ ነኝ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። የተማርሁት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያስተማሩኝ ጎደሬ መትከልና ዓሣ ማጥመድ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የሚያስቀይም ቃል ካገኙ ከትምህርት ማነስ የመጣ መስሎዎት እንዳያልፉት፤ አስቤበት ነው።

ባለቤቴ ሊታራ ካረፈች አሥራ አራት ወር ሆናት። በአገራችን እንደተለመደው የተቀበረችው በቤታችን ፊት ለፊት ነው፤ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው። ከጎኗ የአንድ ሰው ቦታ ትቼ ነበር። የእኔ ነው ብዬ ነው የተውሁት። መሬቱ ግን የሊታራ ቤተሰብ ርስት ነው፤ እኔ በሚስቴ በኩል የገባሁ ሰው ነኝ፤ በዚያ ርስት ላይ ማን እንደሚቀበርና እንደማይቀበር የሚወስነው የቤተሰቡን የአለቅነት ማዕረግ የያዘው ነው። ማዕረጉን ይዘው የነበሩት ሽማግሌ አምና ሲያርፉ ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው ኤሊሳራ «ለእኔ ይገባል» ብሎ ለፍርድ ቤት አመለከተ። ኤሊሳራ የሊታራ አያት ወንድም የልጅ ልጅ ነው፤ በእኛ አጠራር ወንድሟ ነው። በዋና ከተማችን በአፒያ ነርስ የሆነችው ልጄ ቴዉይላ ደግሞ «የእናቴ ወገን ይቀድማል» ብላ በበኩሏ አመለከተች። ኤሊሳራም በአንድ ስብሰባ ላይ እኔ እየሰማሁ «ፔናያ እንግዳችን ነው፤ እናከብረዋለን፤ ሲሞት ግን ወገኖቹ መጥተው ወደ መንደሩ ይወስዱታል» አለ። እንግዲህ ክርክሩ ለቴዉይላ የማዕረግ ነው፤ ለእኔ የሁለት ክንድ መሬት ነው።

ሊታራ የዘሯን ሐረግ ከአያቷ አፍ ሰምታ በደብተር ጽፋው ነበር፤ አራት ገጽ ነው። በእኛ ዘንድ የአንድ ቤት የዘር ቆጠራ እንደ ልብስ በአደባባይ የሚሰጣ ነገር አይደለም፤ በቤት ውስጥ ይነገራል፣ በቤት ውስጥ ይቀራል። ሦስቱ ገጾች የእሷን ወገን የሚናገሩ ናቸው። አራተኛው የኤሊሳራን አያት የታቫኤን ነገር ይናገራል፤ ታቫኤ በሕፃንነቱ ከሌላ መንደር በጀልባ መጥቶ በዚህ ቤት ያደገ እንጂ የዚህ ቤት ሥጋ እንዳልነበረ፣ የወለደችው እናቱም ማን እንደነበረች። ይህ ገጽ ፍርድ ቤት ፊት ቢነበብ የኤሊሳራ ክርክር እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ሊታራ ግን ሕመሙ ሲጠናባት ደብተሩን እጄ ላይ አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦ «ሦስቱን ለቴዉይላ። አራተኛዋ ከዚህ ቤት እንዳትወጣ፣ ሰማኸኝ? ታቫኤን ቤታችን ከልጆቹ ቆጥሮታል። ተቆጥሯል፣ አለቀ።» ሰማሁሽ አልኋት።

ይህን ሁሉ የነገርሁዎት ኩባንያዎ ምን እንዳደረገልኝ በሙሉ ክብሩ እንዲታይ ነው። አሁን ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ስሙ። ቴዉይላ ለፍርድ ቤቱ የሚገቡትን ወረቀቶች ቤቴ ሆኜ እንዳትም ብላ የእናንተን ማሽን በጀልባ ላከችልኝ፤ «አባዬ፣ ገመድ የለውም፣ ከስልክህ ዝም ብሎ ይመጣል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ዝም ብሎ መጣ፤ የት እንደሚመጣ ነው ያልነገረችኝ። ኤሊሳራም በዚያው ሳምንት፣ ከዚያው ሱቅ፣ በዚያው ጀልባ አንድ ማሽን አስመጥቶ ኖሯል። የእኔ ማሽን ስም «ቬልሞራ ቤት» ነው። የእሱም «ቬልሞራ ቤት» ነው። የይለፍ ቃሉ የሁለቱም ከአንድ እስከ ስምንት ያለው ቁጥር ነው። ክቡር ሆይ፣ እኛ እዚህ አንድን ስም ለሁለት ሰው ላለመስጠት ዓመታት የምንከራከር፣ የምንኳረፍ፣ ፍርድ ቤት የምንቆም ሕዝብ ነን፤ እናንተ ግን አንድን ስም በአንድ ጠዋት ለስንት ሺህ ማሽን እንደሰጣችሁ ሳስበው እጄን በአፌ ላይ እጭናለሁ። ይህን ያህል ለጋስ አባት አላየሁም።

ሁለተኛ፤ ስለ ግድግዳው። ነገሩ ከሆነ በኋላ ስደውል ኬይትሊን የተባለች ሠራተኛዎ አነጋገረችኝ። ድምፅዋ የዋህ ነው፤ በእሷ ቅር አልተሰኘሁም። በዚያ ጥሪ የተባባልነውን ግን ለእርስዎ ማስተላለፍ ግዴታዬ ነው።

«ጌታዬ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጎረቤት ማተሚያ ጋ አይደርስም፤ ግድግዳ ያግደዋል» አለችኝ።

«ግድግዳ የለኝም» አልኋት።

«ይቅርታ፣ አልሰማሁዎትም።»

«ቤቴ ግድግዳ የለውም። ምሰሶና ጣሪያ ነው። የጎረቤቴም እንደዚሁ ነው።»

«ኧ… ቤትዎ ገና አላለቀም ማለት ነው?» አለች።

«አልቋል ልጄ። ካለቀ ሠላሳ ዓመቱ ነው።»

እንግዲህ የኩባንያዎ ጥንቃቄ በሙሉ በእኔ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ኖሯል። በዚህ ውቅያኖስ ላይ ነፋስ እንዲገባ ብለው ቤታቸውን ክፍት ያደረጉ ሰዎች መኖራቸውን ሳታውቁ ማሽኑን እስከ ደጃችን ማድረሳችሁ የሚደነቅ ነው። ሻጭ ሆናችሁ ስትመጡ መንገዱ አልጠፋችሁም።

ሦስተኛ፤ ስለ እንቅልፉ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ። የደብተሩን ገጾች በስልኬ ፎቶ አነሣኋቸው። አራቱንም አነሣሁ። ለምን አራቱንም እንዳነሣሁ በኋላ እመለስበታለሁ፤ እንድመለስበት ያደረገኝ ሌላ ሰው ነው። ማሽኑን ከስልኬ የሚያዝዘው አፓችሁ ፎቶዎቹን ራሱ ሰብስቦ አንድ ሰነድ አድርጎ ሰፋቸው፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየኝ የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ነበር። ማሽኔ አጠገቤ ነው፤ መብራቱ ጠፍቷል። ለካስ ኃይል ለመቆጠብ ተኝቶ ኖሯል። ስልኩ ግን «ቬልሞራ ቤት ተገኝቷል» አለኝ። ተጫንሁ። «ተሳክቷል» አለኝ። ማሽኔን አየሁት፤ ወረቀት የለም። እንደገና ተጫንሁ። «ተሳክቷል።» መታ መታ አደረግሁት፤ እፍ አልሁበት፤ ወረቀቱን አውጥቼ መልሼ ከተትሁት፤ ተጫንሁ። «ተሳክቷል።» ሰባት ጊዜ ተጫንሁ፤ ሰባት ጊዜ ተሳካልኝ። በዕድሜዬ በአንድ ከሰዓት ይህን ያህል ተሳክቶልኝ አያውቅም።

አራተኛ፤ ስለ ቅደም ተከተሉ። የኤሊሳራ ማሽን ንቁ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የመዘምራን ልምምድ በእነሱ ቤት ነው፤ ሚስቱ ቫኢሊ መዝሙሩን ከስልኳ እያተመች ለፊተኛው ረድፍ ታድላለች። ዘማሪው ተሰብስቦ መዝሙሩን ሲጠብቅ ማሽኑ ይጮህ ጀመር። ክቡር ሆይ፣ ማሽናችሁ የመጨረሻውን ገጽ አስቀድሞ ነው የሚያወጣው፤ ተደርድሮ ሲያልቅ መጀመሪያው ከላይ እንዲሆን ታስቦ ነው አሉኝ። ቫኢሊ ግን እስኪደረደር አልጠበቀችም። እኔ ማዶ ሆኜ እየተጫንሁ ድምፅዋ ይሰማኛል፤ በመካከላችን ከሃያ አምስት እርምጃ አይበልጥም።

«ይኸው፣ ይኸው መጣ! ሞሴ ያዝ፣ ለአጠገብህም አቀብል። ኧረ ዛሬስ ማሽኑ ቸር ሆኗል!»

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት መዝሙር ነው?» አለ ሞሴ፤ ሞሴ የወፍራም ድምፅ ዘማሪያችን ነው። «ቁጥርም የለው፣ አዝማችም የለው። ስም በስም ነው።»

«አንተ ደግሞ፣ አንብበው እንጂ! ስታነበው ዜማው ይመጣልሃል።»

ሞሴም ያንን መንደር የሚያናውጥ ድምፁን ጠርጎ አነበበ። ታቫኤ፣ የዚህ ቤት ሥጋ ያልሆነ፣ በዝናም ወራት በጀልባ የመጣ፣ እናቱ ፊሊፋ የተባለች… የባለቤቴን ቃላት ከሰው አፍ ስሰማ መጀመሪያ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ድምፅዋን የሰማሁ መሰለኝ። ከዚያ ነው የት እንዳለሁ የገባኝ። ሰባተኛውን የተጫንሁበት ጣቴ ገና ከስክሪኑ አልተነሣም ነበር።

ዘማሪው ጸጥ አለ። ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲል ምን እንደሚመስል ኩባንያዎ ያጠና አይመስለኝም። ኤሊሳራ ከምሰሶዎቹ መካከል ወጥቶ ቆመ፤ ወረቀቶቹን በሁለት እጁ ጨብጧል።

«ፔናያ!» አለ። «አፍ የለህም? ሰው ፊት አቁመህ መናገር አቃተህ?»

«ኤሊሳራ፣ ስልኩ ነው…»

«ስልኩ! ስልኩ ሊታራን ያውቃታል? የእሷን እጅ ጽሑፍ እኔ አላውቀውም? ሰባት ጊዜ! አንዴ ብትሰድበኝ አይበቃህም ነበር? ሰባት አድርገህ ለመዘምራን ታድልብኛለህ?»

ገመድ የሌለው ነገር እንዴት ከእኔ ቤት ወጥቶ እሱ ቤት እንደገባ ላስረዳ ሞከርሁ። ስናገር ለራሴም ውሸት ይመስለኝ ነበር። የመንደሩ ሽማግሌዎች በዚያው ዕለት ተሰብስበው ነገሩን አዩት፤ አንዱ ብቻ «ምናልባት እውነት ማሽኑ ይሆናል» ሲሉ ሌላው «ማሽን የሰው አያት አይሰድብም» አሏቸው፤ በዚሁ ተዘጋ። በማግስቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ፤ ቅዱስ ቁርባኑ ሲዞር ግን ጽዋውን ሳልጠጣ ለአጠገቤ ሰው አሳለፍሁት። በሠላሳ አንድ ዓመት የዲያቆንነቴ ዘመን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለዚህም የሚገባዎትን ድርሻ ይውሰዱ።

ሰኞ ሲነጋ ኢፎጋ ወረድሁ። ለእርስዎ እንዲገባዎ፦ የበደለ ሰው ጎሕ ሲቀድ በበደለው ሰው ቤት ፊት የክብር ምንጣፍ ተከናንቦ መሬት ላይ ይቀመጣል። አይናገርም፤ አያይም። ባለቤቱ ምንጣፉን ከገለጠለት ይቅር ተባለ። ካልገለጠለትም የሚሆነው ይሆናል። የተከናነብሁት ሊታራ ለሁለት ዓመት የሠራችውን ምንጣፍ ነበር። ከጥዋቱ ዝናብ ጣለብኝ፤ ከዚያ ፀሐይ መጣች፤ ከምንጣፉ ሥር የሚታየኝ የሚያልፍ የሚያገድም እግር ብቻ ነው። የቫኢሊን እግር አወቅሁት፤ ሁለት ጊዜ መጥቶ ተመለሰ። ፀሐይዋ ከአናቴ ላይ ስትቆም ሌላ እግር መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ልትጠቀምበት ነበር?» አለ ኤሊሳራ።

«አልነበረም» አልሁ ከምንጣፉ ሥር።

«ፍርድ ቤት ልታነበው አልነበረም?»

«ሊታራ ከቤት አይውጣ ብላኛለች። ሦስቱን ብቻ ነው ላትም የነበረው።»

«ታዲያ አራተኛውን ለምን ፎቶ አነሣኸው?»

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ አምስተኛ ብዬ ቁጥር ልሰጠው የነበረው አቤቱታ እዚህ ላይ ነበር የሚመጣው፤ ግን በእናንተ ላይ ሊጻፍ አልቻለም። ለምን አነሣሁት? ለማስታወሻ ነው እንዳልል ደብተሩ ቤቴ አለ። ሳላስበው ነው እንዳልል ገጹን አስተካክዬ፣ ጥላዬ እንዳይወድቅበት ዞር ብዬ ነው ያነሣሁት። ላልጠቀምበት ቃል ገብቼ በኪሴ ይዤው ልሄድ ነበር፤ ነገሩ ቢጠብብኝ፣ ዳኞቹ ወደ ኤሊሳራ ቢያዘነብሉ፣ ያን ጊዜ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። አላውቅም ማለቴ ራሱ ውሸት ሳይሆን አይቀርም። ምንጣፉ ሥር ሆኜ ግንባሬን መሬት ላይ አደረግሁ። ኤሊሳራም ጎንበስ አለ። ከዚያ ምንጣፉን ገለጠው።

«ተነሣ፣ ውኃ ጠጣ» አለኝ። «ይቅርታው ይቅርታ ነው። ክሱ ግን በቀጠሮው ይቀጥላል።»

«እንዳልህ» አልሁት።

ከቤቱ ጀርባ ለምሳ የጋለ የድንጋይ ምድጃ ነበር። አራተኛውን ገጽ ስድስቱን ቅጂ አንድ በአንድ እየቆጠርን እሳቱ ላይ አደረግናቸው። ሰባተኛውን አጥፎ ከሸሚዙ ውስጥ ከተተው። «ፊሊፋ» አለ፤ «የአያቴ እናት ስም ፊሊፋ መሆኑን ቅዳሜ ዕለት ነው የሰማሁት። ስልሳ ዓመቴ ነው እኮ፣ ፔናያ።» እኔም ወደ እሳቱ ዞርሁ። ያ ቅጂ የእሱ ነው፤ በእሱ ላይ ማንም ሰው ቃል የለውም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍሁ፣ የልግስናችሁንም ነገር ለራሴ ብቻ ይዤው በኖርሁ ነበር። ቤቴ ገብቼ አራተኛውን ፎቶ ከስልኬ ላይ አጠፋሁት። ወዲያው አፓችሁ ደስ የሚል ድምፅ አሰምቶ እንዲህ አለኝ፦ «አይጨነቁ! ሰነድዎ አልጠፋም። ለእርስዎ ምቾት ሲባል በእኛ ዘንድ ለሁለት ዓመት ይቀመጣል።»

ስለዚህ ስድስተኛ፤ ስለ ስምንተኛው ቅጂ። አንድ ሙሉ ጥዋት የሚያህል ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ ያገናኙኝ ከዚያችው ከኬይትሊን ጋር ነው።

«አጥፉልኝ» አልኋት።

«ሰነዱን ማጥፋት የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው፣ ጌታዬ።»

«ባለቤቱ እኔ ነኛ።»

«ልይልዎት… ባለቤት፦ ቬልሞራ ቤት ይላል።»

«እሱ ማነው?»

«እርስዎ… ቆይ። ኦ። በጣም ብዙ ናቸው።»

«ያተመው የጎረቤቴ ማሽን ነው። ባለቤቱ እሱ ነው ማለት ነው?»

«ሊሆን ይችላል። እሱ ሲደውል ደግሞ እርስዎ ነዎት ሊለው ይችላል። አዝናለሁ ጌታዬ። ከዛሬው አገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል? ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር ይንገሩኝ።»

ቁጥሩን አልነገርኋትም፤ ለእርስዎ አስቀምጬዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎት ነገር በቃል ትንሽ ነው። ቀጠሮው በሚቀጥለው ወር ነው። ወደ ፍርድ ቤት የምሄደው ሦስቱን ገጾች በእስክሪብቶ በእጄ ገልብጬ ነው፤ ገልብጬ ጨርሻለሁ፣ ጣቶቼ ብቻ ናቸው ያጉረመረሙት። ዳኞቹ ለቴዉይላ ከፈረዱ ከባለቤቴ ጎን የምተኛበት ቦታ ይጠብቀኛል። ለኤሊሳራ ከፈረዱ ወገኖቼ መጥተው ይወስዱኛል፤ ያም የእኔና የኤሊሳራ ጉዳይ ነው፤ እናንተን አይመለከታችሁም። የሚመለከታችሁ ይህ ነው፦ የመንደር ወሬና ጋዜጣ ፍርድ ቤት ማስረጃ አይሆኑም፤ የሊታራ የእጅ ጽሑፍ ግን ይሆናል፤ ያ ገጽ ከእናንተ ማከማቻ ወጥቶ፣ በስህተት ይሁን ለምቾቴ ተብሎ፣ አንድ ቀን በአንድ ጠበቃ ወይም በአንድ ዳኛ ጠረጴዛ ላይ ቢገኝና እኔ በዚያ ብረታ፣ ያንን ቦታ አገኘዋለሁ፤ ግን አልተኛበትም። «ሰማሁሽ» ያልኋት ሴት አጠገብ ነው። ምን ብዬ እተኛለሁ?

ስለዚህ አጥፉት። ደንባችሁ አይፈቅድልንም ካላችሁ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ይምጡና በእኛ ወግ እንጨርሰው። ጀልባው በጥዋት ይደርሳል፤ ከወደቡ ወደ ፋጋቱሉ የሚሄደውን አውቶቡስ ይያዙ፤ ጎሕ ሲቀድ ከቤቴ ፊት እንዲቀመጡ በዋዜማው ቢያድሩ ይሻላል። ግድግዳ ስለሌለን ቤቱን አይስቱትም። የሚከናነቡት የክብር ምንጣፍ ከሌለዎት አይጨነቁ፤ የማሽኑን ማሸጊያ ካርቶን አስቀምጬዋለሁ፤ ትልቅ ነው፤ ለአንድ ሥራ አስኪያጅ ይበቃል። ከሊታራ መቃብር ላይ እንዳይቀመጡ ብቻ ይጠንቀቁ። መቼ እንደምገልጥልዎት አሁን ቃል መግባት አልችልም፤ ጥያቄዎን ግን እጅግ ውድ አድርጌ እንደምቀበለው ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ።

እስከዚያው ድረስ የሠራተኞችዎ ጤና፣ የማሽኖቻችሁ እንቅልፍ፣ የሰነዶቻችሁም ብዛት እንዳይጓደል እየተመኘሁ፣ ስለ በደለኞች በማደርሰው ጸሎት ውስጥ በመጀመሪያው ረድፍ አኑሬዎት የምገኝ፣

ፔናያ፣ የሊታራ ባል
ፋጋቱሉ፣ ሳቫኢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የኤሊሳራ ስም ስላለበት ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት ቁጭ ብዬ አነበብሁለት፤ የአያቱ ነገር ለሰው ሁሉ መነበቡንም እሱ ይፍቀድ ብዬ። እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ «መንደሩ ሁሉ በሞሴ ድምፅ ሰምቶታል፤ የቀሩት ደሴቶች ቢሰሙት ምን ይለኛል» አለ። ቀጥሎም «ግን አልተሳደብህም እኮ!» አለኝ። ተሳድቤአለሁ አልሁት። «የት ላይ?» አለ። ሁሉም ላይ አልሁት። ብዕሩን ከእጄ ወስዶ ስሙን ከስሜ ሥር ጻፈ፤ ሚስቱንም ጠርቶ አስፈረማት። ሠራተኛዎ ባለቤቱ ራሱ ይጠይቅ ብላ ነበር፤ ይኸው፣ ከሁለታችን አንዳችን ነን፣ ሁለታችንም ጠይቀናል። በሚቀጥለው ወር እኔና እሱ ዳኛ ፊት በተቃራኒ ወንበር እንቀመጣለን፤ አንዳችን ይሸነፋል፤ የተሸነፈው ያሸነፈውን ይቅር ይላል ብዬ አምናለሁ፣ አስቀድመን ተለማምደነዋልና። እርስዎን ግን ማን ይቅር እንደሚልዎት ተነጋግረን «እኔ» የሚል ጠፋ።